ውሃ የማያስገባ፣ ጠጋኝም የማያስገባ

ሻጩ የሃይላንድ ውሃውን ከፍቶ የብሉቱዝ ስፒከሩ ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። ዘፈኑ አልተቋረጠም። ፒያሳ ላይ፣ ሱቁ በር ላይ ነው። እኔም ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ዛሬ "ልግዛ ወይ?" ለሚለኝ ሰው "ግዛ" እላለሁ። ግን ሻጩ የማይነግርህን ነገር አውቀህ ግዛ።

እቤት በጣም የምትጠቀምበት እናቴ ነች። እንጀራ ስትጋግር ማድቤት ይዛው ትገባለች። ሊጥ በነካው እጇ ድምፁን ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ማታ አዝራሮቹ መሃል የደረቀ ሊጥ አገኛለሁ። ቧንቧ ካለ በቧንቧ፣ ከሌለ በጆግ ውሃ አጥበዋለሁ። ሌላ ስፒከር ቢሆን ወር አይቆይም ነበር። መብራት በጠፋ ማታም ቤቱን የሚያሞቀው እሱ ነው።

በጾም የምትሰማው በገና ነው። የበገና ድምፅ ወፍራም ነው፤ ትንሽ ስፒከር ያንን ወፍራም ድምፅ ሙሉ ለሙሉ ማውጣት አይችልም። የጅማቱ ንዝረት ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። ማሲንቆና የሰው ድምፅማ በጣም ያምርበታል። ከበሮ ሲመጣ ነው የሚያንሰው። ምቱ ይሰማል፣ ደረት ላይ የሚያርፈው ጉልበት የለም። ለሠርግ ድንኳን ብላችሁ እንዳትገዙት።

ካርቶኑ ላይ ያለውን የውሃና የአቧራ መከላከያ ደረጃ ቁጥርም አንብቡ። አይፒኤክስ 7 (IPX7) የሚል ከሆነ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹህ ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ነው። የሳሙና ውሃን አይጨምርም። ኤክሷ ደግሞ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነች። አይፒ 67 ካለ፣ 6ቷ አቧራ ጨርሶ አይገባም ትላለች። በበጋ ከአዘዞ በባጃጅ የመጣ ሰው ይህቺ 6 ምን ያህል እንደምታስፈልግ አይጠፋውም። እኔ ብሆን ጨመር አድርጌ 67ቱን እገዛለሁ።

የኔው የተጎዳው ጎርጎራ ሄደን ነው። የአክስቴ ልጅ ጣና ውስጥ ጣለው። ዘፈኑ ወዲያው ቀጥ አለ። ተበላሸ ብለን ደነገጥን፤ ግን የብሉቱዝን ሞገድ ውሃ ስለሚውጠው ነው። ስናወጣው ቀጠለ። ጥፋቱ የመጣው ማታ ነው። መሰኪያው ሳይደርቅ ቻርጅ ሰካነው። አንድ ቀን አይደለም፣ ደጋግመን እንዲህ አድርገናል። ውሎ አድሮ መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት አወጣ፤ ገመዱን አጣመን ካልያዝነው ቻርጅ አያደርግም። ባትሪውም ደከመ። ድሮ ቀኑን ሙሉ የሚውለው በሁለት ሰዓት ያልቃል።

ትልቁ ድክመቱ የታየኝ ያኔ ነው። ጠጋኙ ብሎን ፈለገ፣ አጣ። ሁሉም በሙጫ ተጣብቋል። ውሃ እንዳይገባ የተዘጋው ነገር ጠጋኝም አያስገባም። እኛ አገር ዕቃ ተጠግኖ ነው የሚኖረው። ሬዲዮው፣ ምጣዱ፣ ስልኩ ሁሉ ተፈትቶ ተሠርቶ ይመለሳል። ይኼ ግን ባትሪው ሲሞት አብሮ እንዲጣል የተሠራ ነው። ይህ ያናድደኛል። በብሎንና በጎማ ቀለበት ውሃ መከላከል ይቻላል፤ የእጅ ሰዓት ሠሪዎች ስንት ዘመን ሠርተውበታል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ከ2027 ጀምሮ የትናንሽ ዕቃዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ የሚያወጣው እንዲሆን አዟል። በአብዛኛው ውሃ በሚነካቸው ቦታ ለሚሠሩ አንዳንድ ዕቃዎች ግን ባለሙያ ብቻ እንዲቀይረው ይፈቅዳል። ለኛ ይህም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። ባለሙያ አላጣንም፤ ያጣነው የሚከፈት ዕቃ ነው።

ጠጋኙ በመጨረሻ በቢላ ፈልቅቆ ከፈተው። መሰኪያውንም ባትሪውንም ቀየረልኝ፣ እጁ ይባረክ። ዳሩን በሙጫ መለሰው። ድምፁ እንደ ድሮው ነው። ውሃ መከላከሉን ግን ስለማላምነው እናቴን "በሊጥ እጅሽ እንዳትነኪው" ብያታለሁ። አሁን ማድቤት በር ላይ፣ ከምጣዱ ራቅ ብሎ፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል።