ሃዛርድ ማብራት መንገድ ለመዝጋት ፈቃድ አይደለም

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ መንገድ በተዘጋ ቁጥር የምንሰማው አንድ ነገር ነው፦ «መኪና በዛ»። መብዛቱን አልክድም። ግን እስቲ በሩ ላይ ደርሶ ሃዛርድ (አራቱንም ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች) ያበራውን አንድ መኪና ልብ ብላችሁ እዩት። ሹፌሩ ወርዶ ይዞራል። የኋላ ኮፈን ይከፈታል፤ ቦርሳው ከዕቃ ሥር ተጎልጉሎ ይወጣል። ኮዳው የት ገባ? ወንበር ሥር። ልጁ ገና የጫማውን ክር እያሰረ ነው። ጃኬቱ የሚለበሰው ከወረደ በኋላ ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከኋላ ያለው ሰልፍ ቆሞ ያያል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። በሩ ፊት ሦስት መኪና የሚያቆም ቦታ አለ፣ ልጆች የሚገቡት ደግሞ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው እንበል። አንድ መኪና ገብቶ፣ አውርዶ፣ ቦታውን እስኪለቅ 30 ሰከንድ ከፈጀ በሦስቱ ቦታ 180 መኪና ይስተናገዳል። 90 ሰከንድ ከፈጀ ግን በዚያው ግማሽ ሰዓት የሚስተናገደው 60 ብቻ ነው። የተቀረው 120 መኪና የት ይድረስ? አንድ የቆመ መኪና ከፊቱ ከሚተወው ክፍተት ጋር ወደ 7 ሜትር ይይዛል፤ ስለዚህ ሰልፉ 840 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሰልፉ መስቀለኛውን አልፎ ዋናውን መንገድ ይዘጋል። ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ልጅ የሌለው ሠራተኛ፣ ታካሚ የጫነ አምቡላንስ፣ ሁሉም የሚታገተው በአንድ ጃኬትና በአንድ ኮዳ ነው።

ደርቦ ማቆም ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ይባላል። ሁለት መስመር ያለው መንገድ አንድ መስመር ይቀረዋል፤ ጠርዝ ይዞ የቆመውም ልጁን አውርዶ ሲጨርስ መውጫ የለውም። የመንገዱ መዘጋት ይቅር፣ ልጆቹስ? የሰባት ዓመት ልጅ ቁመቱ 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ተደርበው በቆሙ መኪኖች መሀል ብቅ ሲል ትልልቆቹ መኪኖች ሙሉ በሙሉ ይጋርዱታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 8 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፣ ያ 8 ሜትር ፍሬን ሳይነካ ያለቀ ነው። 50 ከሆነ 14 ሜትር። እባካችሁ ልጅ ከመኪና መሀል አታውርዱ!

መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ደብተርና የስፖርት ልብስ ማታ ይዘጋጃል። ጫማ የሚታሰረው፣ ጃኬት የሚቆለፈው መኪና ከመነሳቱ በፊት ነው (ወፍራም ጃኬት ግን ከቀበቶ ሥር ሲለበስ ቀበቶውን ያላላዋል፣ ለትንንሾቹ ጉልበታቸው ላይ ይሁን)። ቦርሳ ኮፈን ውስጥ አይገባም፤ ልጁም አዝሎት አይቀመጥም፣ ምክንያቱም ጀርባውን ከወንበሩ ገፍቶ ቀበቶው በትክክል እንዳያርፍ ያደርገዋል። ቦታው እግሩ መሀል ወለል ላይ ነው። ልጁ የሚቀመጠው በእግረኛው መንገድ በኩል ነው፤ መኪና በሚያልፍበት በኩል የተቀመጠ ልጅ ወይ ትራፊክ ውስጥ ይወርዳል፣ ወይ ሹፌሩ ወርዶ ሊዞርለት ነው። ሁለት ልጆች በተለያየ ቦታ የሚወርዱ ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው የመኪናው በር ጋ ይቀመጥ። በሕፃን መቀመጫ የታሰረና ሰው የሚፈታው ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ ማውረጃ መስመሩ ውስጥ ባይገባ ነው የሚሻለው። 300 ሜትር ራቅ ብሎ፣ ቦታ ይዞ ማቆምና በእግር መሄድ በልጅ እርምጃ እንኳ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው።

መንገድ ላይ ያለውም ያው ነው። አረንጓዴ ሲበራ ሰልፉ ከተንቀሳቀሰ በኋላ በአንድ መስመር በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ያልፋል። ፊት ያለው ሹፌር ስልኩን እያየ 6 ሰከንድ ካባከነ ሦስት መኪና ቀይ አስበላ ማለት ነው። ከመስቀለኛው ማዶ ቦታ ሳይኖር ገብቶ መሀል መቆምስ? ለሌላው አቅጣጫ አረንጓዴ ቢበራ ምን ይጠቅማል፣ መንገዱ ታጥሯል!

ተጠግቶ መንዳት ያደርሰኛል የሚል ሰው ይሄንን ይስማ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ ነበር፦ 22 መኪኖች 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ እኩል እንዲነዱ ተደረገ። መብራት የለም፣ የቆመ መኪና የለም፣ ደርቦ የሚገባ የለም። ብዙም ሳይቆይ ግን መጨናነቅ ተፈጠረ። አንዱ ትንሽ ፍሬን ሲይዝ የኋላው የበለጠ ይይዛል፣ ከዚያ የኋላው ደግሞ ይቆማል፤ መቆሙ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይጓዛል። ክፍተት ትቶ በዝግታ የሚሄድ ሰው ያንን ማዕበል ይሰብረዋል። ክፍተቷን ባየ ቁጥር ዘሎ የሚገባው ግን እንደ አዲስ ያስነሳዋል።

ሞተር አጥፉ፣ ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ አጥፉ። ከ10 ሰከንድ በላይ ለሚቆም መኪና እንደገና ማስነሳቱ ያንን ያህል ነዳጅ አይበላም። በዚያ ላይ በእግራቸው የሚገቡት ልጆች አፍንጫ ከእኛ ይልቅ ለማርሚታው ይቀርባል።

ትምህርት ቤቶችም አታምልጡ። ክፍል ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው በር የሚከፈት ከሆነ ቀድሞ የመጣው ሁሉ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በጊዜ መምጣቱ ራሱ ሰልፍ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱ። ትንንሾቹንና ትልልቆቹን በ15 ደቂቃ ልዩነት አስገቡ። ማውረጃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ የሚወጣ ይሁን። ሁለት ሰው መድቡና የመኪናውን በር እነሱ ይክፈቱ፣ ቦርሳውን ይቀበሉ፤ ሹፌሩ ከመሪው አይነሳ። ዜብራው ላይ የሚያቆመውን ወላጅ ደግሞ ዛሬውኑ ንገሩት፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚያቆመው፣ ታውቁታላችሁ።