«ሴት አታርስም፤ ማሽን ምን ያደርግላታል» ለተባለው እርማት

ወንድሜ፣ «ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ስለዚህ የእርሻ ማሽን የወንድ ጉዳይ ነው» ብለሃል። እርፉን በተመለከተ አልተሳሳትክም። ድምዳሜው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

እርሻ ማረስ ብቻ ነው እንዴ? አረሙስ? አጨዳውስ? እዚያው ሰሜን ሸዋ ያለውን የሞረትና ጅሩን ወረዳ ውሰድ። የወረዳው ከተማ የእነዋሪ አካባቢ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ክረምት ላይ ውሃ ስለሚቋጥር ስንዴው እንዳይበላሽ መደብ (ከፍ ያለ የአፈር ድርድር) ተሠርቶ ቦይ ይወጣለታል። መደቡን ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ ማውጫ መሣሪያ ሲሠሩ ሥራው ከእጅ ወደ በሬ የሚሻገርበት መንገድ ተከፈተ። በሬ ግን አራሽ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥና የምርቷ ግማሽ ይሄዳል። ትራክተር ተከራይታ ብታሳርስ ኪራዩን ከፍላ እህሉን ጎተራዋ ታስገባለች። ራሷ መንዳት የለባትም፤ ኮምባይነር የሚያሳጭደው ወንድስ መቼ ራሱ ይነዳል?

ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ባለሁለት ጎማው ትንሽ ትራክተር ከባድ መሆኑን አልክድም። ሞተሩን በእጅ አሽከርክሮ ማስነሳትና ማሳ ጫፍ ላይ ማዞር ጉልበት ይጠይቃል። ይህ ግን የማሽኑ ጉድለት ነው፤ በቁልፍ የሚነሳም አለ። ሴቶቹን ይበልጥ የሚያግዳቸው ኪራዩን በአንዴ የሚከፍሉበት ብር ማጣትና የማሳቸው ማነስ ነው፤ ባለማሽን ለአንድ ጥማድ ብሎ ነዳጅ አያቃጥልም። ማሳቸው የሚዋሰን ሴቶች ተሰባስበው አንድ ላይ ቢከራዩ ግን ለእሱም ያዋጣዋል።