ካምቢዮ ማውረድ በሰንበት

ይህን የምጽፈው በአንድ ጆሮ ነው። ግራው ውስጥ የካምቢዮ፣ ማለትም የመኪና ማርሽ ሳጥን፣ ዘይት ገብቷል። ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ በጥጥ ብጠርገው፣ በሞቀ ውኃ ባጥበው ሽታው አልለቅ ብሏል። የካምቢዮ ዘይት ሽታ ለማታውቁት፦ ድኝ አለበት። የተበላሸ እንቁላል ጎማ ላይ ጠብሰውት ነው የሚመስለው። ባለቤቴ የመጀመሪያው ቀን ማታ ትራሷን ይዛ ልጆቹ ክፍል ገባች። "አምባዛ ዓሣ እንኳ ካንተ ይሻላል" አለችኝ። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ ይገባዋል።

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ብሶት ነው፤ ይረዝማል፤ ያልተመቸው ይለፈው።

መኪናዬ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። በፈረንጆቹ የ1991 ሞዴል፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሸራ። ሽምብጥ ላይ ልጆች "ቆራጣዋ መጣች!" እያሉ ይከተሉኛል። መብራት ሲይዘኝ የባጃጅ ሾፌር ጎኔ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል። አዎ፣ ከባጃጅ ቁልቁል የምትታይ መኪና ነው የገዛሁት። አንዱ "ወንድሜ፣ እኔ ከኋላ ሦስት ሰው እጭናለሁ፤ አንተ ምን ትጭናለህ?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን ማታ ማታ ጣሪያዋን አጥፌ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ሳልፍ፣ ለዚያች 380 ሜትር የሚያህለኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው ቤዛዊት ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል፤ እሷ ግን ባለችበት። ፍሪሲዮን፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው፣ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ፍሪሲዮን ያልቃል። ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። ይኸው ፍሪሲዮን ከተቀየረ ገና 8 ወሩ ነው! ስሙን የማልጠራው ጋራዥ 11 ቀን አቁሞ፣ ካምቢዮዋን አውርዶ፣ "ሙሉ በሙሉ አዲስ አድርገንልሃል" ብሎ፣ ሳልከራከር ከፍዬ ነው ያወጣኋት።

ተመልሼ ሄድኩ። ዋናው መካኒክ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። "አነዳድህ ነው" አለኝ። "እግርህን ፍሪሲዮን ላይ ታሳርፋለህ።" እግሬን የት አየው? "ግዴለም፣ ድጋሚ እናውርደው ካልክ…" ብሎ የጠራው ዋጋ ከበፊቱ ይበልጣል። አመስግኜ ወጣሁ። ለምን እንዳመሰገንኩ እስካሁን አላውቅም።

ቤት ገብቼ ቪዲዮ ከፈትኩ። የጉድ መጀመሪያ። አንድ ፈረንጅ በቁምጣ፣ መኪናዋን በሊፍት ሰቅሎ፣ እያፏጨ ካምቢዮዋን በ20 ደቂቃ አወረደ። እጁ እንኳ አልቆሸሸም። "ይቺማ ምን አላት" አልኩ። 20 ደቂቃ የቪዲዮው ርዝመት እንጂ የሥራው እንዳልሆነ የገባኝ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው።

አዎ፣ ቅዳሜ። በሥራ ቀን ቢሮ ነኝ፤ ያለኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ እማማ ገቡ። እማማ አከራያችን ናቸው፤ ግቢው የሳቸው ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ብረት እመታለሁ። ያየሁት የነጠላቸውን ጫፍና ጫማቸውን ነው።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ካምቢዮ እያወረድኩ ነው እማማ።"

"በሰንበት?"

"ቅዳሜ እኮ ነው።"

"ቀዳም ሰንበት ምን ሆነችና? ደግሞም አምስት ነው፤ የአቦ ቀን።"

ተውኩ። በማግስቱ እሑድ ነው፤ እሑድማ አይወራም። የሚቀጥለው ቅዳሜ 12 ዋለ፤ ሚካኤል። የዚያ ማዶው ደግሞ 19፤ ገብርኤል። ያን ወር ቅዳሜን ተማክረው የያዙት ነው የሚመስለው። በመጨረሻ ተደራደርን። መፍታት ይቻላል፣ መምታት አይቻልም። እንግዲህ የ30 ዓመት ዝገት ያለ መዶሻ የፈታ ሰው ካለ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ይላክልኝ።

መኪናዋን ማንሳቱ ራሱ አንድ ቀን በላ። ክሪክ አለኝ። ክሪክ ግን ለማንሳት እንጂ ለማቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ኑዛዜውን ይጻፍ። ሁለት የብረት መቆሚያ ለመንኩና አገኘሁ። ለቀሩት ሁለት ጎኖች ጎረቤት "ብሎኬት ደርድርበት" አለኝ። ወገን፣ እባካችሁ! ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው ፍርክስ የሚለው። ወፍራም ጣውላ አስቆርጬ፣ አንዱን በአግድም ሌላውን በቁመት ረብርቤ አቆምኳት። እማማ መጥተው አዩ። "አልጋ ሠራህላት" ብለው ሄዱ።

ከላይ ያለው ሥራ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ውስጥ ገብቼ ማርሽ መቀየሪያዋን ከነላስቲኳ ነቀልኩ። ሦስት ትንንሽ ብሎን ናት። ከዚያ ወደ ታች። ማርሚታዋን፣ የጭስ መውጫዋን፣ ለቀቅሁ። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የምትወስደዋን ዘንግ ከኋላ ጎማዎቹ መሀል ያለው ዲፈረንሻል ጋ በአራት ብሎን ታስራለች፤ አራቱንም ፈትቼ ሳብ አደረግኳት።

ጆሮዬ የጠፋው እዚህ ጋ ነው።

ቪዲዮው ላይ "መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት አውርዱ" ይላል። ማለቱን አሁን አስታውሳለሁ። ያኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ጨለማ ሊሆን ነው፤ የመብራቱን አምፖል ደግሞ የጣና ትንኝ ወሮታል፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አምስት አምስት እውጣለሁ። ዘንጓ ከካምቢዮው ጅራት ስትወጣ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። የመኪናዋ አፍንጫ ደግሞ ከፍ ብሏል። ሁለት ሊትር የሚጠጋ ዘይት ቁልቁል መጣ። ሥሩ ያለው የኔ ጭንቅላት ነው። ልጮህ አፌን ብከፍት ትንኝ።

ይቺ መኪና ሌላም ጉድ አላት። ብዙ የኋላ ጎማ የሚገፋቸው መኪኖች ካምቢዮ ሥር ደጋፊ ብረት አለ፤ እሱን ፈትተህ ታወርዳለህ። ይቺ ግን ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያይዝ ረጅም የአሉሚኒየም አካል ነው ያላት። እሱ ካልወጣ ምንም አይወጣም። የሚያልፍ መካኒክ ሁሉ አጎንብሶ ያይና "ሻንሲዋ ተገነጠለ እንዴ?" ይለኛል። በሁለት ቅዳሜና እሑድ ውስጥ ቢያንስ አሥራ አምስት ሰው አጎንብሶ አይቷል። ሁሉም ምክር አለው። ረጅም የቡሶላ (ብሎን ላይ የሚገጠም የመፍቻ ጭንቅላት) ማራዘሚያ ያለው ግን አንድም ሰው የለም።

ማራዘሚያ የፈለግሁት ለላይኛዎቹ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ዙሪያውን በብሎን ነው የሚጋጠመው። የታችኞቹ በእጅ ይደረሳሉ። የላይኞቹ ሁለቱ ግን ከሞተሩ ጀርባ ተደብቀዋል፤ ከላይም ከታችም እጅ አይገባም። ሦስት አጫጭር ማራዘሚያ ቀጣጥዬ፣ እንዳይላቀቁ በፕላስተር ጠቅልዬ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ዱላ ሠራሁ። አንዷን ፈታሁ። የመጨረሻዋ ላይ ቡሶላው ዞረ። ብሎኗ አልዞረችም። በባትሪ መብራት አየኋት። ማዕዘኖቿ የሉም! ክብ ሆናለች። ዙሪያዋ የፒንሳ ጥርስ አለ። 11 ቀን መኪናዬን ያቆሙት ባለሙያዎች ብሎን በፒንሳ ነክሰው ነው ያጠበቁት። ዙሪያውን ስቆጥር ደግሞ ሁለት ብሎን ጭራሽ የለም። የሄደበትን እነሱ ያውቃሉ።

ያን ዕለት መፍቻውን አጥሩ ላይ ወርውሬ ገባሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ኤንትሬ ነድተው ነው የኖሩት። እስካሁን ያልቀረቡኝ፣ እንደነገሩኝ፣ "ወሬኛው ሲበዛብህ አይቼ" ነው። ከዘራቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና "አንተ ልጅ፣ እኔ የኤንትሬ ካምቢዮ ዓባይ በረሃ ውስጥ በዛፍ ግንድ ደግፌ አውርጃለሁ። ይቺ የልጅ መጫወቻ ናት" አሉኝ። አልተከራከርኩም።

ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ የካምቢዮውን ጅራት በክሪክ ይዘህ ቀስ ብለህ ዝቅ አድርገው፤ ያኔ ሞተሩም ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ላይኛዋ ብሎን ወደ አንተ ትመጣለች። እውነት ነው፤ መጣች። ሁለተኛ፣ ለክብ ብሎን በልኩ ቡሶላ አይሆንም፤ በአንድ ቁጥር የሚያንስ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ በመዶሻ አስገድደህ አስገባባት።

በመዶሻ። በገብርኤል።

ሁለታችንም ወደ እማማ በር አየን። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሄዱ። እኔ መኪናዋ ሥር ሆኜ እሰማለሁ። "እማማ፣ በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት አይወጣም እንዴ? ወንጌል ላይ አለ።" ዝምታ ሆነ። ረጅም ዝምታ። ከዚያ የእማማ ድምፅ መጣ፦ "በሥላሴ ስም ሦስት ምት ብቻ። እቆጥራለሁ።"

ቆጠሩም። በረንዳቸው ላይ ቆመው። አንድ፤ ቡሶላው ነከሳት። ሁለት፤ ገባ። ሦስተኛውን ያለኝን ሁሉ ሰጠሁት። ዱላዬን ጨብጬ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩ። ቧ! አለች። ብሎኗ የተሰበረች መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ። ዞራ ነው። እማማ እልል አሉ። በገብርኤል ቀን ግቢያችን ውስጥ ለብሎን እልልታ ተደረገ።

ከዚያ ጋሼ ክሪኩን፣ እኔ ካምቢዮውን ይዘን ቀጥ አድርገን ወደ ኋላ ሳብነው። ክብደቱ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። በአየር ላይ ካንጠለጠላችሁት የፊት ዘንጉ የፍሪሲዮኑን ዲስክ ያጣምማል። ወጣ። ደረቴ ላይ አረፈ። ለትንሽ ደቂቃ እንደዚያው ተቃቅፈን ተኛን።

አሁን ዋናው ንዴት። ከዚህ በፊት ያለው ሁሉ መግቢያ ነው።

ፍሪሲዮኑን ፈትቼ አየሁት። አዲስ ነው። በእውነት አዲስ ነው፤ ሰዎቹ አልዋሹም። ግን ዘይት በዘይት ሆኗል፤ እንደ ቅቤ ያንሸራትታል። ዘይት የነካው ፍሪሲዮን ደግሞ አዲስም ይሁን አሮጌ አይዝም። ዘይቱ ከየት መጣ? ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ቮላኖ የሚባል ከሞተሩ ጋር የሚዞር ከባድ ክብ ብረት አለ፤ ከቮላኖው ጀርባ የሞተሩ ኦይል ሲል። የጣት ውፍረት የሌላት የላስቲክ ቀለበት ናት። ሥራዋ የሞተሩ ዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ እንዳያልፍ መያዝ ነው። ነካኋት። እንደ ድርቆሽ ተሰበረች። ይቺ የ8 ወር ዕቃ አይደለችም። ከመኪናዋ ጋር ከጃፓን የመጣች ብትሆንም አይገርመኝም።

አስቡት እስቲ። ካምቢዮው ወርዷል። ያ ሁሉ መከራ፣ ማርሚታው፣ ዘንጉ፣ አሉሚኒየሙ፣ ያቺ የተረገመች ላይኛዋ ብሎን፣ ሁሉም አልፏል። ኦይል ሲሏ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናት። የቀራቸው የቮላኖው ስድስት ብሎን ነው። ስድስት! ሞተሩ ከኋላ ዘይት እያለቀሰ ያዩታል፤ ላያዩት አይችሉም፤ ፊት ለፊታቸው ነው። "ተወው፣ ዝጋው" ብሎ ያዘዘ ሰው አለ። ከዚያ ያ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ "አነዳድህ ነው" አለኝ።

ኦይል ሲል ፍለጋው ራሱን የቻለ ብሶት ነው። ባሕር ዳር ያልገባሁበት የመለዋወጫ ሱቅ የለም። "የምን?" "የማዝዳ።" "የቪትዝ ይሁንልህ?" አይሁንልኝ! በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለውን መኪና ነው ቀጣጥሎ የሚነዳው፤ የኔ ዓይነቷ ደግሞ ድሮም መለዋወጫዋ ብርቅ ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ዞሮ አገኘሁ አለና ላከ። ሐሙስ ደረሰ። አወጣሁት። ክንዴ ያልፍበታል። የአይሱዙ ነው። ደወልኩለት። "ኦይል ሲል ነው ያልከኝ" አለ። ትክክል ነው፤ ኦይል ሲል ነው ያልኩት። ጎኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በፎቶ ላክሁለት።

ካምቢዮው ኮሪደሩ ላይ ማዳበሪያ ለብሶ ተቀምጧል። እማማ ከፊሉን ለበርበሬ ማስጫ ይዘውታል።

አሁን ማምሻውን ስልክ ተደወለልኝ። ትክክለኛዋ መጥታለች፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብዬ መጣሁ፤ ለካኋት፤ ልኳ ነው። ጋሼ "ነገ በጧት እንጀምራለን" ብለዋል። አዲሷ ኦይል ሲል ቦታዋ ላይ ዙሪያዋን በቀስታ እየተመታች ነው የምትገባው።

ነገ እሑድ ነው። 27፣ መድኃኔዓለም። መዶሻዬን ካስቀመጥኩበት ባየው የለም፤ እማማን ብጠይቃቸው "ሰኞ ይገኛል" አሉኝ።