ጃኪና ሻዶው እንዴት አደሩ?

አሜሪካ ጊዜ የለም። ይህን ያልሰማ ሐበሻ ካለ ገና አውሮፕላን ላይ ነው። የታመመውን «እግዜር ይማርህ» የምንለው ድኖ ሥራ ከገባ በኋላ ነው። ለቅሶ እንኳ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የሚደረስበት ዘመን ላይ ነን። የጠፋ ወዳጅ ደውሎ «ጊዜ አጥቼ ነው እኮ» ሲለን «እኔም እንደዚያው» ብለን እንዘጋለን። ሁለታችንም አልዋሸንም።

ይኸው ጊዜ የሌለው ሕዝብ ነው እንግዲህ እንቁላል የታቀፈች ወፍ በኢንተርኔት ካሜራ ሲያይ የሚውለው። ወፏ ምንም አትሠራም። ቁጭ ብላለች። እኛም ቁጭ ብለናል። አልፎ አልፎ ብድግ ትልና እንቁላሎቹን በመንቆሯ ገልበጥ አድርጋ መልሳ ትቀመጣለች። ያኔ ስልኬ ይጮኻል።

«አየህ?» ትለኛለች አክስቴ።

«አየሁ።»

«ገለበጠቻቸው እኮ!»

ለማያውቋት ላስተዋውቅ። ጃኪ ትባላለች። ራሷ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር ናት። ቤቷ ካሊፎርኒያ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ካሉት ተራሮች መሀል፣ ቢግ ቤር የሚባል ሐይቅ አጠገብ። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። አዲስ አበባን ባያክልም በረዶ ይጥልበታል። ጎጆዋ 44 ሜትር ገደማ የሚረዝም የጥድ ዛፍ አናት አካባቢ ነው። የቢግ ቤር ሸለቆ ወዳጆች የሚባል ማኅበር በ2015 ካሜራ ተከለበት። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ባለቤቶቹም ፈረንጆች ናቸው።) ካሜራው ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ጨለማም አያግደው። ስታንቀላፋ፣ ስትበላ፣ ከባሏ ጋር ስትነታረክ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያያታል። እሷ አታውቅም። ብታውቅም ግድ የሚሰጣት አይመስለኝም።

ባሏ ሻዶው ይባላል። የመጀመሪያ ባሏ አይደለም። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ያውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በ2018 ጃኪ ሌላ ባል ነበራት። ሻዶው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መጣ። ዙሪያውን ተመላለሰ። ቢባረርም አልሄድ አለ። መጨረሻ ላይ የቀድሞው ባል ቤቱን ለቆ ሄደ፣ እሱ ገባ።

«አሁን እንኳ ጥሩ ነው፤ ባል ይሉሃል እሱን» አለችኝ። «አገባቡ ነው እንጂ…» ቀሪውን ለእኔ ተወችው።

አክስቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ በር በበር የሆነ ኮሪደር ያለው አፓርትመንት ውስጥ። ፊት ለፊቷ ያለው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ትሰማለች። ማን እንደሚኖርበት አታውቅም። አገር ቤት እያለች ግን ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ልጅ አምሽቶ እንደገባ፣ የማን ወጥ እንዳረረ ከቤቷ ሳትወጣ ታውቅ ነበር። ያ ሁሉ ችሎታ አሜሪካ ሲገባ ሥራ ፈታ። ካሜራው ነው መልሶ የቀጠረው። በቀደም የፊት ለፊቷ ሴትዮ ወለደች መሰለኝ፣ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ አልኳት።

«ልትሆን ትችላለች» አለችኝ።

«አልጠየቅሻትም?»

«በምን ላውቅ? ካሜራ የላቸው!»

ወደ ጃኪ ቤት እንመለስ፤ እዚያ ሁሉም ነገር ይታወቃል። ደስ የሚለው ፈረቃ ሲቀያየሩ ማየት ነው። ንስሮች ባልና ሚስት ተራ በተራ ነው የሚታቀፉት። ሻዶው ተራው ሲደርስ ጥፍሮቹን አጥፎ፣ በጭብጡ እየተራመደ ይጠጋል፤ እንቁላሉን እንዳይወጋ። ዓሣ ይዞ ከሐይቅ የሚያወጣው ጥፍር ነው እንግዲህ እንዲህ የሚጨበጠው። ቀስ ብሎ ጎንበስ ይልና ደረቱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ይቀመጣል። ሆዱ ሥር ላባ የሳሳበት ሙቅ ቆዳ አለ፤ እሱን ከእንቁላሉ ጋር እያገናኘ ነው።

አንዴ ከተቀመጠ ግን አለቀ። ጃኪ በልታ፣ ክንፏን ዘርግታ ስትመለስ አይነሣም። ዳር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። አይነሣም። ትንጫጫለች። ዞር ብሎ ሌላ ነገር ያያል። መጨረሻ ላይ በደረቷ ገፋ አድርጋ ታስነሣዋለች። ትችላለችም፤ በንስር ቤት ግዙፏ ሴቷ ናት።

«የሰው ባል ልጁን ያዝልኝ ሲባል ወገቤን አሞኛል ይላል። ይኸው የወፍ ባል አልነሣም ብሎ ይጣላል» አለች አክስቴ። ስፒከር ላይ አድርጋ ነው ያለችው፤ መስማት ያለበት ሰው እንዲሰማ።

የሻዶው ሌላው አመል እንጨት ነው። ከየትም ለቅሞ ያመጣል። አንዳንዴ ከራሱ የሚረዝም ቅርንጫፍ እየጎተተ ይገባና የታቀፈች ሚስቱ ጀርባ ላይ ይጥልባታል። እሷ ልጅ ልትፈለፍል፣ እሱ ቤት ሊያድስ። አምጥቶ አንድ ጥግ ያስቀምጣል፤ እሷ አንሥታ ሌላ ጥግ ታደርገዋለች። እሱ ይመልሰዋል። የሶፋ ቦታ ላይ የተጣላ ሰው ይህን ሳያይ ቢቀር ይሻለዋል። ንስሮች ብዙውን ጊዜ ጎጆ በየዓመቱ ይጨምሩበታል እንጂ አይለቁም። ፍሎሪዳ ውስጥ የተለካ አንድ ጎጆ ወርዱ ወደ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 6 ሜትር ደርሶ ነበር። ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ ይህን መንገር ግፍ ነው።

ደባልም አላቸው። ፊዮና የምትባል በራሪ ስኩዊረል (አይጥ መሳይ ትንሽ እንስሳ) ሌሊት ሌሊት ጎጆው ውስጥ ስትርመሰመስ ትታያለች። ባለቤቶቹ ያንቀላፋሉ፣ እሷ ጓዳ ለጓዳ ትዞራለች። አክስቴ አትወዳትም። «ምን ልታመጣ ነው በሌሊት?» ትላለች። እሷ ራሷ በሌሊት ምን እያየች እንደነበር አልጠየቅኳትም።

በ2024 ጃኪ ሦስት እንቁላል ጣለች። ከዚያ የየካቲቱ በረዶ መጣ። እሷም ላትነሣ ተቀመጠች። ሻዶው ልተካሽ ብሎ መጣ፤ አልሰጠችውም። በረዶው ጀርባዋን ሸፈነው። ራሷም ድሮውኑ ነጭ ነው፤ መጨረሻ ላይ የቀረው መንቆሯ ብቻ ሆነ። 62 ሰዓት ገደማ እንዲህ ተቀመጠች።

ያን ሰሞን የእኛ ሰው እንቅልፍ አልነበረውም። ዳውንታውን ፓርኪንግ የሚሠራ ጓደኛዬ ዳሱ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ከማሞቂያው አጠገብ አቁሞ ሲያያት ያድራል። ደንበኛ መጥቶ መኪናውን ሲጠይቀው «አንድ ጊዜ» እያለ። ድብል (ሁለት ፈረቃ) ሠራሁ ብሎ ሲያማርር የነበረ ሰው ዝም አለ። በኋላ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ግን 62 ሰዓት ሙሉ… ይኼ ሻዶው ቡና እንኳ አያመጣም?»

አክስቴ ደግሞ ማኅበሩ ላይ ተነሣች። የካሜራው ባለቤቶች ተፈጥሮ በራሷ መንገድ ትሂድ ባዮች ናቸው፤ ዛፉ ላይ ወጥተው አይነኳቸውም። ይህ ለእኛ የማይገባ ነገር ነው። ሰው ሲቸገር እያዩ ዝም? ዣንጥላ ይያዝላት አለች። ብርድ ልብስ ይወርወርላት አለች። 44 ሜትር ነው ብላት «ክሬን የሌለበት አገር ነው እንዴ?» አለችኝ። በሰው ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት ጨዋነት መሆኑን እዚህ መጥተን ሰማን እንጂ፣ አገራችን ስሙ ጭካኔ ነው። በእርግጥ አክስቴ ራሷ የታመመች ወዳጇን ሳትጠይቅ ክረምቱ አልፏል። ያ ሌላ ነው፤ ፓርኪንግ የለም።

እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም። አብዛኛውን ጊዜ 35 ቀን፣ ደጋ ላይ ትንሽ ሲጨምር ይበቃል። ቀኑ አለፈ። ሌላ ሳምንት፣ ሌላም ሳምንት። ሁለቱም ተራ በተራ መታቀፋቸውን ቀጠሉ። «ይብቃሽ የሚላት ዘመድ የላትም?» አለች አክስቴ፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

ንስርና እንቁላል አሜሪካ ውስጥ ቀላል ታሪክ አይደለም። እኛ ዲዲቲን የምናውቀው ወባ ለማጥፋት ቤታችን ሲረጭ ነው። እዚህ እርሻ ላይ ሲነሰነስ ውኃ ገባ፣ ከውኃ ዓሣ ውስጥ፣ ከዓሣ ንስር ውስጥ። የንስሩ እንቁላል ቅርፊቱ ሳሳና እናቲቱ ስትቀመጥበት ይሰበር ጀመር። በ1963 ከአላስካና ከሃዋይ ውጪ ባሉት ግዛቶች ሁሉ የተቆጠረው ጎጆ የያዘ ጥንድ 417 ብቻ ነበር። ዲዲቲ በ1972 ታገደ። ንስሩ በ2007 ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ወጣ። ኋላ በታተመ ግምት እነዚያው ግዛቶች ውስጥ 71,400 ጥንድ ደርሷል።

የአሜሪካ ማኅተም ላይ ደግሞ ንስሩ ከ1782 ጀምሮ አለ። ዶላሩ ላይ አለ፣ ፓስፖርቱ ላይ አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍ መሆኑን የሚያረጋግጠው ሕግ ግን የተፈረመው በታኅሣሥ 2024 ነው። ይህን የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ የዘገየበት አንድ ወዳጄ ሲሰማ ትንሽ ተረጋጋ። «እሱም ወረቀት አልነበረውም በለኛ!»

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ንስሩን አልወደደውም። በ1784 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ምግባረ ብልሹ ነው፣ ሌላ ወፍ ያጠመደውን ዓሣ የሚነጥቅ ሰነፍ ነው ብሎ አምቶታል። ሐሜቱ እውነት አለው፤ ይነጥቃል። ድምፁም ቢሆን ለመንግሥት ወፍ አይመጥንም፤ ቀጭን ነው፣ ይንጫጫል። ፊልም ላይ ንስር ብቅ ሲል የምንሰማው ግርማ ያለው ጩኸት ብዙውን ጊዜ ከሌላ ወፍ የተወሰደ ነው። የሐዋሳ ልጆች እዚህ ላይ ደረታቸውን ይነፋሉ። የዚህ ንስር የቅርብ ዘመድ የእኛ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ አለ፤ ራሱ ነጭ፣ ምግቡ ዓሣ፣ ድምፁ ግን ሐይቁን የሚያቋርጥ። ካሜራ ያልተተከለበት ብቻ ነው።

ስለ ሐሜት ካነሣን የዲሲውን ጉድ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ደቡብ ምዕራብ ዋሽንግተን፣ ፖሊስ ማሠልጠኛው አጠገብ ሊበርቲና ጀስቲስ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ኖረዋል። የካቲት 2019 ላይ ጀስቲስ ወጣ፣ አልተመለሰም። ሊበርቲ ብቻዋን ቀረች። ሌሎች ወንዶች ጎጆው ዙሪያ መዞር ጀመሩ። ሁሉም በካሜራ ፊት!

የእኛ ሰው ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ተጎድቶ ነው፣ ሞቶ ነው አለ። የአክስቴ ወገን ግን «ቨርጂኒያ ሌላ ቤት አለው» አለ። ማስረጃ ስጠይቃት «ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ማን ያያቸዋል?» አለችኝ። ከሳምንታት በኋላ ጀስቲስ ከተፍ አለ። ምንም እንዳልተፈጠረ ጎጆው ላይ ቆመ። የእኛ ቤት ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፣ ሦስት ቅዳሜ ይሰየማል፣ የሷ ወንድም ከአትላንታ ይመጣል። ሊበርቲ የት ነበርክ ያለችው እንደሆነ አላየንም። ያን ዓመት ጫጩት አልነበራቸውም። አክስቴ እስከ ዛሬ አልታረቀችውም።

ደግነቱ ጃኪ በ2025 ተካሰች። ሦስት እንቁላል፣ ሦስቱም በመጋቢት መጀመሪያ ተፈለፈሉ። አንዱ ጫጩት በበረዶ ሰሞን ሞተ፤ እሱን ብዙ አላወራውም። የሁለቱን ስም የቢግ ቤር የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች በድምፅ ብልጫ አወጡ፦ ሰኒ እና ጊዝሞ። ሕፃናት ስም ማውጣታቸው አክስቴን ቅር አሰኛት። «አያት የላቸውም?» አለች። ሻዶው ዓሣ ሲያመጣ ጃኪ እየቆራረሰች በመንቆሯ ጫፍ ስታጎርሳቸው ግን ሁሉን ረሳች። ጠግበው አንገታቸው ሥር ያለው ቋት እስኪያብጥ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ድገሚያቸው!» እያለች ስልኩ ላይ ትጮኻለች።

ሰኔ ሲገባ ሁለቱም ወላጆቻቸውን አክለው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ቡናማ፣ ነጭ ራስ ገና አራት አምስት ዓመት የሚጠብቃቸው። መጀመሪያ ሰኒ በረረ። ጊዝሞ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ክንፉን እያራገበ ቀረ። የጎጆውን ዳር ያያል፣ ታቹን ያያል፣ ይመለሳል። ጥቂት ቀን ቆይቶ እሱም ተነሣ።

አክስቴ ቤት ሆኜ ነበር ያየነው። እልል አለች። ከዚያ ዞር ብላ ልጇን አየችው። ሠላሳ ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ዝልዝል ጥብስ በእንጀራ እየበላ ነበር።

«አየሃቸው? በሦስት ወራቸው እኮ ነው!» አለችው።

አላመጠ። ዋጠ።

«ማሚ፣ እነሱ ቤት ሲከራዩ ክሬዲት አይጠየቁም።»