ሎተስ 49 ቱሉ ዲምቱ ላይ

የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ከቤቴ አንድ ሰዓት ያህል ከነዳሁ ኑርበርግሪንግ የሚባለው የመኪና እሽቅድምድም ቦታ እደርሳለሁ። መኪና የሚወድ ሰው ስሙን ያውቀዋል። ኖርድሽላይፈ የሚባለው አሮጌው መንገዱ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጫካ ለጫካ የሚጠማዘዝ፣ በ1927 የተከፈተ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ወደኛ ስቀይር እሳሳታለሁ።) የእሽቅድምድም ሾፌሩ ኒኪ ላውዳ በ1976 ከነፌራሪው የተቃጠለው እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ፎርሙላ ዋን በዚህ አሮጌ መንገድ ላይ አልተወዳደረም።

ብር ከፍሎ በራሱ መኪና የሚገባበት ሰው ብዙ ነው። እኔ ወኔው የለኝም፣ የመኪናዬም ዕዳ አላለቀም። ስለዚህ ሲሙሌተር ቤት ሄድኩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ በስክሪን የምትነዳበት።

ቀጠሮ የያዝኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ስደርስ ወረቀት አስፈረሙኝ። ወንበር ላይ ተቀምጬ ምን ልሆንና ነው የምከሳቸው? ግን ፈረምኩ፤ እዛ አገር ሳይፈረም የሚሆን ነገር የለም። ወንበሩ በኤሌክትሪክ በሚነሱና በሚወርዱ አራት እግሮች ላይ ተቀምጧል፣ መኪናው ጉብታ ሲረግጥ ወገብህን ያነሳዋል። መሪው እጅህን ሊነቅለው ይደርሳል። አንዱ ወጣት መጥቶ ቀበቶ አሰረልኝ፣ ጆሮ ማዳመጫ ጫነልኝና መጋረጃውን ዘግቶ ሄደ።

ሎተስ 49ን መረጥኩ። ይቺ የፎርሙላ ዋን መኪና በ1967 ሆላንድ ዛንድቮርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥታ በዚያው ቀን በሾፌሩ በጂም ክላርክ እጅ ያሸነፈች ናት። 3 ሊትር ኮስዎርዝ ሞተር፣ 400 ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ግን 500 ኪሎ አካባቢ። ያኔ ክንፍ የሚባል ነገር አልነበራትም፣ መንገዱን የምትይዘው በአራት ጎማ ብቻ ነው። ሦስት ፔዳል አላት፣ ማርሹም በእጅ ነው። እኔ ደግሞ አስራ አራት ዓመት ሙሉ አውቶማቲክ ነው የነዳሁት። ኩርባ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ በቃ፣ ጫካው በፊቴ ሲዞር አየሁት። እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ዞረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ዙር አልጨረስኩም። ስወጣ የዙር ሰዓቴ የሚታተምበት ወረቀት ተሰጠኝ፣ ቦታው ባዶ ነው። ልጁ በትህትና ፈገግ አለልኝ። የሳቀብኝም፣ የመከረኝም የለም። ወደ ቤቴ ነዳሁ።

ይሄ ግንቦት ላይ ነው። ነሐሴ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ።

እህቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ልጇ ከጓደኛው ጋር ምድር ቤት አንዲት ሱቅ ተከራይተው ፕሌስቴሽን ቤት ከፍተዋል። አራት ቴሌቪዥን፣ ኳስ ጨዋታ፣ አግዳሚ ወንበር፣ በረንዳው ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ። እኔን ያስደነገጠኝ ጥግ ላይ ያለው ነገር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሻንጣዬ ይዤለት የመጣሁት ያገለገለ መሪ ነበር። ያ መሪ አሁን አካል አውጥቷል። ቱቦላሬ አስበይዶ ወንበር ሠርቶለታል። ወንበሩ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የቪትዝ መቀመጫ ነው። የማርሹን ሳህን ቶርኖ ቤት ከላሜራ አስቆርጦ፣ የዘንጉን ጫፍ የአይሱዙ ማርሽ እጀታ አድርጎበታል። ፍሬኑ ሲረገጥ ይለሰልስብኛል ብሎ ከሥሩ የባጃጅ ሾክ አስገብቶበታል! ልክ ነው ደግሞ፤ የእውነቱን የፎርሙላ ዋን ፍሬን እስከ ጥግ ለመርገጥ ከ100 ኪሎ በላይ ኃይል ይፈልጋል።

መብራት ሁለቴ ጠፋ። ስለሱ አልጽፍም፣ እኛ ዲያስፖራዎች ከዚያ ሌላ ወሬ ያለን አይመስልም።

እዚህ መጋረጃ የለም። አንተ ትነዳለህ፣ አስር ሰው ከኋላህ ቆሞ አብሮህ ይነዳል። «ፍሬን! ፍሬን በለው! ኧረ ቀደም ብለህ!» አንዱ ትከሻህን ይይዛል፣ አንዱ የሚዞረው አንተ ሳትሆን እሱ የሆነ ይመስል ወደ ግራ ያዘነብላል። መጀመሪያ አናደደኝ። ጀርመን ያላስለመደኝን ጩኸት ከየት ልቻለው። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን በጩኸቱ መንዳት ጀመርኩ፣ «አሁን!» ሲሉኝ ፍሬን እረግጣለሁ። ኮሎኝ ያልጨረስኩትን መንገድ እዚህ ጨረስኩት። በአዲሱ የፎርሙላ ዋን መኪና ግን ነው፣ በሎተሷ አይደለም፣ አልዋሽም።

አዲሱ መኪና ሌላ ፍጥረት ነው። ፍሪሲዮን ፔዳል የለም፣ ስምንቱን ማርሽ ከመሪው ጀርባ ባሉ ሁለት ምላሶች በጣት ትቀያይራለህ። ይሄን ነገር ያመጣችው ፌራሪ 640 ናት፣ በ1989 ብራዚል ላይ ሾፌሯ ማንሰል በመጀመሪያ ውድድሯ አሸነፈባት። ከ2014 ወዲህ ደግሞ 1.6 ሊትር ሞተር፣ አየር የሚገፋለት ቱርቦና ባትሪ አብረው ይሠራሉ። ዋናው ጉዳይ ክንፉ ነው። በፈጠንክ ቁጥር ንፋሱ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ስለዚህ ፈርተህ ከቀነስክ ይንሸራተታል፣ ደፍረህ ከገባህ ይይዛል። የኔ ዕድሜ ሰው ይሄን በጭንቅላቱ ቢረዳውም እግሩ እሺ አይለውም። የአስራ አምስት ዓመቶቹ ልጆች ግን ምንም አይመስላቸውም። አውራ ጣታቸው መሪው ላይ ባሉት ቁልፎች ሲሮጥ ቴሌግራም የሚጽፉ ነው የሚመስሉት። የእህቴ ልጅ ከኔ ዙር ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀነሰ። «አጎቴ፣ አንተ መኪናዋን ታዝንላታለህ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ጎረቤታችን ገቡ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት፣ በኋላ የኤንትሬ ሾፌር፣ ቀጥሎ ሃያ ምናምን ዓመት ላዳ ታክሲ። የልጅ ልጃቸውን ሊጠሩ ነው የመጡት። ልጆቹ «ፋዘር፣ እስቲ ይሞክሯት» አሏቸው። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ለልጁ ሰጡና ተቀመጡ።

አዲሱ ላይ ተዋረዱ። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ሳይቀር ዞሩ። «ይሄ መኪና አይደለም፣ ራዲዮ ነው» ብለው ሊነሱ ሲሉ ሎተሷን ከፈትኩላቸው።

መጀመሪያ ያደረጉት ማርሹን በዜሮ ግራ ቀኝ መወዝወዝ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው ወጡ። አንደኛው ኩርባ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አየሁት። ቀኝ እግራቸው ፍሬኑን እንደያዘ በጎኑ ነዳጁን ቁንጥጥ አደረገው፣ ሞተሩ «ውም» አለ፣ ማርሹ ገባ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ያኔ ነው የኔ ጥፋት የገባኝ። ማርሽ ስትቀንስ ሞተሩን ቀድመህ ካላስነሳኸው የኋላ ጎማዎቹን ድንገት ይዞ ያስቆማቸዋል፣ ቂጧ ይቀድምሃል። እሳቸው ይሄን ከመጽሐፍ አላነበቡትም።

«ጋሼ፣ የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ዓባይ በረሃ» አሉኝ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ከጎሃ ጽዮን ስትወርድ ጭነት ይዘህ በፍሬን ብቻ ከሄድክ ፍሬኑ ይነድና ታች አባይ ነው የሚቀበልህ። የሚይዝህ ሞተር ነው። ምን ትስቃለህ አንተ፣ ወተት መኪና የለመድክ።»

ሙሉውን ዙር ጨረሱ። ሰዓታቸው ፈጣን አልነበረም፣ ክላርክን የሚያሳስበው የለም። ግን አንዴም አልዞሩም። ከኋላ የቆመው ሕዝብ ዝም አለ፣ እኔ እዚያ ቤት ዝምታ የሰማሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ቡና መጣና ወሬው ደራ። የ2022ቱ መኪኖች በሕጉ ከነሾፌራቸው ከ798 ኪሎ ማነስ አልነበረባቸውም፣ በዚያ ላይ እስከ 110 ኪሎ ነዳጅ ይጭኑ ነበር አልኳቸው። ላዳ ባዶዋን 950 ኪሎ ገደማ ናት። «ታዲያ ከኔዋ በምን ተለየ?» አሉ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ውድድር ቢደረግስ ብሎ ጠየቀ። ፎርሙላ ዋን አፍሪካ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1993 ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ነው። ከፍታ ላይ ያለው ውድድራቸው ደግሞ ሜክሲኮ ሲቲ ነው፣ 2,200 ሜትር አልፎ። እኛ 2,300 ላይ ነን። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉ የሚጫነው ያንሰዋል፣ ፍሬንና ሞተር ለማቀዝቀዝም ይቸግራል፤ ቱርቦው ግን ፈጥኖ በመሽከርከር ያካክሰዋል እያልኩ ሳስረዳ ሽማግሌው አቋረጡኝ። «እኔ ላዳዬን እንጦጦ ሳስወጣት ትታፈን ነበር። ሎተሷም ቱርቦ ከሌላት ትታፈናለች።» ልክ ናቸው። እኔ ይሄን ያነበብኩት ነው።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የዕቃ ዝርዝር ደረሰኝ። ጫማ የለበትም፣ ስልክ የለበትም። የእህቴ ልጅ የሚፈልገው እንደ ሚዛን የእግርን ክብደት የሚለካ የፍሬን ፔዳል ነው፣ የባጃጁ ሾክ ሰልችቶታል። ሽማግሌው ደግሞ ደረጃው ላይ ጠብቀው ወደ ጥግ ሳቡኝ። ላዳቸው አሁንም እታች ሸራ ለብሳ ቆማለች።

«አንተ ልጅ፣ እዛ አገር የላዳ ካርቡሬተር ይገኛል?»