ይድረስ ለጓንግህዋሙን አደባባይ ሞንታርቦ

ጉዳዩ፦ ድምፅዎን እንዲቀንሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሞንታርቦ ሆይ፣ ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የማውቅዎት በስልኬ ቪዲዮ ብቻ ቢሆንም ጆሮዬ ግን እስካሁን ይጮኻል።

የምጽፍልዎ ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ዋና ከተማ ወደ ሴኡል ነው። ሲኦል አላልኩም። ወደዚያ ሰው የሚልኩት በአደባባይዎ የፖለቲካ ሰልፍ የመሩት አለቃዎ ፓስተር ጆን ክዋንግ ሁን ናቸው። የቤተ ክርስቲያናቸው ስም ሳራንግ ጄይል ነው። ሳራንግ ማለት ፍቅር ነው አሉ። ፍቅር እንዲህ ይጮኻል እንዴ?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እ.ኤ.አ. በ2019 አለቃዎ ፈጣሪን ራሱን «ብትቀልድ እገድልሃለሁ» የሚል ነገር ሲናገሩ ያ ቃል በእርስዎ ሆድ ነው ያለፈው። ፊውዝዎ እንዴት አልተቃጠለም? ትንሽ እንኳ «ፊ...» አይሉም?

በኦገስት 15 ቀን 2020፣ ኮሮና ባየለበት፣ ሕዝቡን ጠርተው አሰባሰቡት። ከሁለት ቀን በኋላ አለቃዎ ራሳቸው ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘው ሕመምተኛ ከሺህ አለፈ። እርስዎ ጉንፋን እንኳ አልያዘዎትም፤ ብረት መሆን ደጉ!

ከዚያ ዲሴምበር 2024 መጣ። ፕሬዚዳንት ዩን ሱክ ዮል ወታደራዊ ሕግ አወጁ፤ ፓርላማው በሰዓታት ውስጥ ሻረው። እርስዎ ግን ወራት ጮሁላቸው። ከፊትዎ አዛውንቶች በብርድ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው የኮሪያን፣ በሌላው የአሜሪካን ባንዲራ ያውለበልባሉ። መባውም ይሰበሰባል፤ እሱ ላይ እንኳ ድምፅዎ ጥርት ያለ ነው። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ሃይማኖትና ፖለቲካ ይለያያሉ ይላል። ይህን ግን አንድም ቀን ሲያስተጋቡ አልሰማሁዎትም።

ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ዩንን ከሥልጣን አነሳቸው። 8 ለ 0። ስምንት ዳኞች፣ ያለ እርስዎ እርዳታ።

ስለዚህ ቁልፍዎን ወደ ግራ አንድ ሁለት ዙር እንዲያዞሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ካልተቻለም ጀነሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅበት እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
በዚያው አደባባይ ለተቀመጠው ለንጉሥ ሴጆንግ ሐውልት (መጽሐፍ ዘርግተው ማንበብ ላቃታቸው)
ባሉበት