ሠላሳ ስምንተኛው ደሴት

ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ። ሠላሳ ስምንተኛው ያለው ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእኛ ማዕድ ቤት መካከል ነው። ወደ ሌሎቹ በጀልባ ይኬዳል፤ ወደዚህኛው ግን ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ በጎን ነው።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ ስልክ ነው። አንድ ምሽት የፈረንጅ ማዕድ ቤት ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ከወለሉ መካከል ወገብ የሚደርስ ዕቃ ተገትሯል። «ደሴት ነው የሚሉት» አለችኝ። ዙሪያውን እየዞሩ ሽንኩርት ይከትፉበታል፣ ሊጥ ያሹበታል፣ እንግዳም ክንዱን አስደግፎ ወሬ ያወጋበታል። ዋናው ነገር ደግሞ አዲስ አለመሆኑ ነው። የአያት ሣጥን፣ እግሩ የተሰበረ ቡፌ፣ ከውርስ የተረፈ ኮመዲኖ፤ ባረጀ ቁጥር ይከበራል። ማዕድ ቤታችን ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር መሆኑን፣ ምጣድ በተጣደ ዕለትም በሩ እንደማይዘጋ አስታወስኋት።

«ደሴት እኮ ትንሽ ነው» አለችኝ።

«የጠበበን ሐይቁ ነው» አልኋት። አልሰማችኝም፤ ልቧ ዘጌ ደርሶ ነበር።

ዘጌ እናቴ አለች፤ እናቴ ዘንድ ደግሞ ለሠርጓ የተሠራ የዋንዛ ሣጥን አለ። እኔን ያሳደገኝ ይህ ሣጥን ነው ብል አላጋነንሁም። ስኳር የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነበርና ትዕግሥትን የተማርሁት ከፊቱ ተቀምጬ ነው። ቁልፉ በጥቁር ክር ታስሮ ከማተቧ ጎን አንገቷ ላይ ይውላል። ቁልፉ እንኳ በተአምር ቢገኝ ክዳኑ ምሕረት የለውም፤ ሲከፈት እንደ ጅብ ያላዝናል። እናቴ ቡና ለቀማ ላይ ሆና ትሰማዋለች።

«ልብስ ማስቀመጫ አጥተናል» ብለን አስላክነው። ሐሰት አልነበረም፤ እውነቱም ሙሉ አልነበረም። ከነቁልፉ፣ ከነክሩ በጀልባ ተሻግሮ መጣ።

አናጺው ጎበዝ ሰው ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር። በሦስት ቀን ሣጥኑን ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቫርኒሽ ቀብቶም ትናንት የተሠራ አስመስሎ አመጣው። ባለቤቴ ስታየው እንባዋ ቀረበ። «አሮጌነቱ የት ሄደ?» አለችው። ሰውየው ግራ ገባው። በሥራ ዘመኑ «አድስልኝ» ያለው እንጂ «አስረጅልኝ» ያለው ሰው አልገጠመውም። መልሶ ወሰደው። ቫርኒሹን ፋቀ፣ ጠርዙን በመዶሻ ጠቀጠቀ፣ የሻይ ዝቃጭ ቀባው፣ ሁለት ቀን ሙሉም ፀሐይ አስመታው። ለማደሱ ካስከፈለን ይልቅ ለማስረጀቱ ያስከፈለን በለጠ። በነጻ የምናረጀው እኛ ብቻ ነን።

ደሴቱ ብቻውን አልቀረም። አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ በጀመረባቸው በ1950ዎቹ በገዟት ሲንጀር የሰፈሩን ሕፃናት በሙሉ አልብሰዋል። ለእኔም የሰፉልኝ የትምህርት ቤት ቁምጣ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሰፍቶኝ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም መኪናዋን ለእኛ ሰጡን። ባለቤቴ ራሷን ነቅላ አልጋ ሥር ከተተች፤ የብረት እግሯ ላይ ሳንቃ አስመታችና የምግብ ጠረጴዛ አደረገቻት። መዘውሩና መርገጫው ባሉበት ቀሩ። «ጌጥ ናቸው» ተባለ።

መርገጫ ያገኘ እግር ግን አርፎ አይቀመጥም። አጎቴን ምሳ ጠራናቸው። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ እንደዋጡ ከሥር «ክርር፣ ክርር» የሚል ድምፅ መጣ። ጠረጴዛው መንቀጥቀጥ፣ ሽሮው ወደ አልጫው መሻገር ጀመረ። አጎቴ ግን እዚያ አልነበሩም። አንገታቸውን ደፍተው፣ የእንጀራውን ጫፍ በሁለት እጃቸው ወጠር አድርገው፣ ቀስ እያሉ ወደ ፊት ይገፉታል። ጠርዙን ሊያጥፉት ነበር። ማንም አልሳቀም። ባለቤቴ ብቻ ሳህኗን ይዛ ብድግ አለች። በሳምንቱ የጎረቤት ልጅ ሱሪ ይዞ በራችንን አንኳኳ፤ «እናቴ አሳጥሩልኝ ብላለች»።

ስለ ታንኳው ባላነሣው በወደድሁ። መደርደሪያ ይሆናል ተብሎ አንድ የደንገል ታንኳ ግድግዳ አስደግፈን አቆምን። ደንገል ውሃ ይመጥጣል፤ ባለ ታንኳዎች ከሐይቅ ሲወጡ ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ ሐይቅ ስላጣ የወጥ እንፋሎት መጠጠ። በወሩ ቤቱ በጾም ቀን ሳይቀር ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸት ጀመር፤ የንስሐ አባታችን ሊጠይቁን መጥተው ጠበል ሳይረጩ በፊት ወደ ማዕድ ቤቱ ትክ ብለው አዩ።

ለጥምቀት እናቴ መጣች። ማዕድ ቤት ስትገባ ባለቤቴ ሣጥኑ ላይ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እናቴ ክዳኑን በመዳፏ ዳበሰችው፣ መዳፏን አሸተተች፣ ዝም አለች።

«ደሴት ነው፣ እማማ» አለች ባለቤቴ፣ ቢላዋውን ወደ ኋላዋ እየደበቀች።

«ደሴት?» አለች እናቴ። የዘጌ ሰው ናት፤ የደሴቶቹን ሥርዓት ጠንቅቃ ታውቃለች። «ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ክብራን ገብርኤልም አይገባም። ደሴት ከሆነ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ልጄ ይግባ እንጂ!»

እናቴ በሰነበተችበት ሳምንት ሙሉ የደሴቱ መነኩሴ እኔ ሆንሁ። ሽንኩርት ከተፍሁ፣ ድስት አጠብሁ። ጨው ባስፈለገ ቁጥርም የተከተፈውን ሁሉ ከክዳኑ ላይ እያነሣሁ ሣጥኑን አስላዘንሁ። ሁለቱ ሴቶች ሳሎን ቡና እየጠጡ «በርበሬው አነሰ» ይሉኛል።

እናቴ በሄደች ማግሥት ሣጥኑ አልከፈት አለ። ጨው፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ ክብሪቱ ሳይቀር ውስጥ ነው። ቁልፉ ከምስማሩ ላይ የለም። ደወልሁላት።

«አንገቴ ላይ ነው» አለችኝ። «ስኳሩን አየሁት፤ ቶሎ ቶሎ እየጎደለ ነው።»

46 ዓመቴ ነው።